ለልጅ ስለሚገዛ የመጀመሪያ እባብ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ጓዳ ንጽሕና፤ ስለ ዶሮና ስለ ንብ አያያዝ ብዙ ጊዜ አነጋግረናችኋል። ስለ እባብ ግን እንጽፋለን ብለን ያሰብንበት ቀን አልነበረም። አኹንም ብዕራችንን ያነሣነው በገዛ ፈቃዳችን ሳይኾን፤ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት ከሚኖሩ ከአንድ ወዳጃችን ደብዳቤ ስለ ደረሰን ነው። ስማቸውን መግለጥ አያስፈልግም። ነገሩ ግን በባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ሌሎችም ወገኖቻችን ሊያገኛቸው የሚችል ስለ ኾነ፤ ከዚህ ቀጥለን እናስታውቃለን።

ወዳጃችን 11 ዓመት የኾነው አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ በሒሳብ ትምህርት ደክሞ ስለ ነበረ፤ «ዘንድሮ ብትበረታ የምትለምነኝን እገዛልኻለኹ» ብለው በእናቱና በአያቱ ፊት ቃል ሰጡት። ልጁም በረታ። አባት ብስክሌት ይለምነኛል ብለው ገንዘቡን አዘጋጅተው ሲጠብቁ፤ ልጁ የለመነው እባብ ኾነ። አያቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ፤ «እባብ በገባበት ደጅ እኔ እወጣለኹ» ብለው ሻንጣቸውን ካልጋ ሥር አወጡ። ወዳጃችንም፤ «ቃሌን ብበላ ልጄ ከእንግዲህ ወዲህ አያምነኝም፤ ቃሌን ብፈጽም እናቴን አሳዝናለኹ፤ እናንተ የሰው ክርክር ስትጽፉ የኖራችኹ ናችኹና ፍረዱኝ» ብለው ጻፉልን።

ደብዳቤውን በሥራ ቦታችን ባነበብነው ጊዜ አንዱ ባልንጀራችን አማተቡ፤ ሌላው ሳቁ። እኛም ፈገግ አልን እንጂ ዝም ብለን አላለፍነውም። ፍርድ መጻፍ እንጂ መፍረድ ሥራችን አይደለም፤ ነገር ግን አባት በምስክር ፊት ለልጁ የሰጠው ቃል ቀላል ነገር ስላልኾነ፤ የሚያውቁትን ጠይቀን መጻሕፍትም ተመልክተን መልሱን አዘጋጀን። በዚህ ጽሕፈት የምናነሣቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

እውነቱን ለመናገር የአያቲቱ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን እባብን የምናውቀው በኹለት መንገድ ነው። አንደኛው በታሪክ ነው፤ በገነት ሔዋንን ያሳታት እርሱ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል፤ በአክሱምም አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ከሕዝቡ ግብር ይቀበል ነበር ይባላል። ኹለተኛው በእግራችን ነው። በጨለማ ባዶ እግሩን ወደ እርሻው የሚኼድ ገበሬ፤ እንጨት ስትለቅም እጇን ወደ ክምሩ የምትሰድ ሴት፤ እባብን የሚያውቁት በመነደፍ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ መርዝ ይሞታሉ፤ የሚበዙትም የአፍሪካና የእስያ ባላገሮች ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይኹን እንጂ በዓለም ላይ ወደ 4,000 ከሚጠጉት የእባብ ዓይነቶች ውስጥ መርዝ አላቸው የሚባሉት 600 ያኽል ናቸው። የቀሩት አይጥና እንሽላሊት፤ እንቍራሪትና የወፍ ዕንቍላል እየለቀሙ የሚኖሩ፤ ሰው ሲያዩ የሚሸሹ ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለልጆች የሚሸጡትም ከነዚህ ወገን ኾነው፤ ብዙዎቹ አባትና እናታቸው፤ አያታቸውም ጭምር በሣጥን ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የቨርጂኒያው ልጅ የለመነውና በአገራችን ገበሬ እግር ሥር የሚያልፈው በስም አንድ ቢኾኑም በነገር ልዩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ይህን ጽሕፈት አንብቦ ከሜዳ እባብ ይዞ የሚመጣ የአገራችን ልጅ ቢኖር፤ አባቱ ይቈጣው፤ እኛንም ምክንያት አያድርግ። እፉኝት በቀላሉ ከደረቀ ቅጠል አይለይም፤ የነደፈውን ሰው ለማዳን የሚያስፈልገው መድኃኒትም በየመንደሩ አይገኝም።

በቨርጂኒያም ቢኾን የሜዳውን መያዝ አይገባም። በዚያ አገር ጫካ ኮፐርሄድ የሚባል፤ ትርጓሜውም የመዳብ ራስ የኾነ መርዘኛ እባብ አለ። እርሱን የሚመስለውም ኮርን ስኔክ ወይም የበቆሎ እባብ የሚሉት መርዝ የሌለው እባብ በዚያው ግዛት ይኖራል። ሰዎች እየተሳሳቱ ንጹሑን በበደለኛው ፈንታ ሲገድሉት ይኖራሉ። ትልቅ ሰው ከተሳሳተ፤ የ11 ዓመት ልጅ እንዴት አይሳሳትም?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ብዙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው እባብ ይሻላል ብለው ነው። እኛ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው እስከ መቼ ነው እንላለን። ውሻ ዐሥር ዐሥራ ኹለት ዓመት ኖሮ ይሞታል፤ ልጁም አልቅሶ ይቀብረዋል። የበቆሎ እባብ ግን በመልካም ቢያዝ 15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣው ትንሹ ዘንዶ፤ ቦል ፓይተን የሚሉት፤ 30 ዓመት ቢቈይ አያስገርምም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአራዊት ማኖሪያ አንዲት የዚህ ዓይነት እባብ በ1961 ዓ.ም. ገብታ፤ በ2020 ዓ.ም. ከ60 ዓመት በላይ ኾኗት ሳለ፤ ወንድ ሳያገኛት ብዙ ዓመት አልፎ 7 ዕንቍላል ጥላለች። ይህ እንግዳ ነገር ስለ ኾነ በጋዜጦች ኹሉ ተጽፏል። ልጁ ዛሬ 11 ዓመቱ ነው፤ በ18 ዓመቱ ወደ ኮሌጅ ይኼዳል። ከዚያ በዃላ እባቡን የሚቀልበው ማን ነው? አባት መኾናቸውን ወዳጃችን አኹኑኑ ይወቁት። ቃል የሰጡት ለአንድ ቀን መስሏቸው ነበር፤ ያገኛቸው ግን የኻያ ዓመት ዕዳ ነው።

ኹለተኛው ጥያቄ የምግቡ ነው። እባብ እህልና ቅጠል አይበላም፤ የቤት እባብ የሚቀለበው አይጥ ነው። በዚያ አገር አይጡ ታርዶና በበረዶ ደርቆ በከረጢት ይሸጣል፤ የገዛው ሰውም በማቀዝቀዣው ያስቀምጠዋል። በሚበላበትም ቀን በረዶው እስኪለቅ ድረስ አቆይተው፤ በሙቅ ውሃ ጥቂት አሙቀው፤ በረዥም መቈንጠጫ ይሰጡታል። ሕያው አይጥ መስጠት ለእባቡ ምሕረት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ አይጥ በጭንቀቱ ጊዜ የእባቡን ዓይንና ቆዳ ነክሶ ያቈስላልና። እንግዲህ ከሥጋውና ከቅቤው አጠገብ የአይጥ ከረጢት መግባቱን የቤቱ እመቤት ሳይጠየቁ እባብ መግዛት አይገባም። የተሻለው ለብቻው የሚኾን ትንሽ ማቀዝቀዣ መግዛት ነው። ልጁም የሞተ አይጥ በመቈንጠጫ ለመያዝ የሚጸየፍ ከኾነ፤ እባብ መውደዱ በሥዕል ብቻ ነበረና ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሦስተኛው የጤና ነገር ነው። እባብም ኤሊም እንሽላሊትም ሳልሞኔላ የሚባል የተቅማጥ በሽታ የሚያመጣ ነፍሳት ይዘው ይኖራሉ፤ ራሳቸው ግን አይታመሙበትም። በአሜሪካ ትንንሽ ኤሊዎች ለልጆች እየተሸጡ ብዙዎች ስለ ታመሙ፤ በ1975 ዓ.ም. የልብሱ ርዝመት ከ4 ኢንች የሚያንስ ኤሊ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። የዚያ አገር የጤና ባለ ሥልጣኖች፤ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን፤ የደከመ ሽማግሌ ወይም በበሽታ ሰውነቱ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያለ እንስሳ ባይገባ ይሻላል ይላሉ። ስለዚህ የአያቲቱን ዕድሜና ጤና ጠይቀናል፤ ወዳጃችንም ደኅና ናቸው፤ ከእኔም ይበረታሉ ብለው መልሰዋል። ይህም ኾኖ ሣጥኑ ወደ ወጥ ቤት አይግባ፤ የውሃ ዕቃውም ከሰው ሳሕን ጋራ አይታጠብ፤ እባቡን የዳሰሰ ኹሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የሕጉንም ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ በሥራችን ያሳፍረናል። እባብ መያዝ በየአገሩ ልዩ ልዩ ሕግ አለው። በሀዋይ ደሴቶች ማናቸውንም እባብ መያዝ ክልክል ነው፤ መቀጫውም እስከ 200,000 ዶላርና እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። በኒው ዚላንድም እንዲሁ ክልክል ነው። በኖርዌይ ብዙ ዘመን ተከልክሎ ኖሮ፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ለ19 ዓይነት እባቦች፤ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች ብቻ ተፈቅዷል። በእንግሊዝ አገር መርዘኛ እባብ የሚይዝ ሰው በ1976 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት። በቨርጂኒያ የሚኖር ሰውም የግዛቱን ብቻ ሳይኾን የከተማውን ደንብ ይጠይቅ፤ በኪራይ ቤት ቢኾን ደግሞ የኪራይ ውሉን ያንብብ። ሰው ውል ሲፈርም እንጂ ሲከራከር ብቻ የሚያነብ ከኾነ፤ እንዴት ያለ ጣጣ እንደሚያገኘው በየቀኑ እናያለን።

አኹን ወደ ምርጫው እንግባ። አስቀድመን የማይኾኑትን እናውጣ። መርዘኛ እባብ ለማንም ጀማሪ አይኾንም፤ ይህ ቃል አያስፈልገውም። ትልልቅ ዘንዶም አይኾንም። የበርማ ዘንዶ የሚባለው በልጅነቱ እጅግ ያማረ ስለ ኾነ ብዙ የአሜሪካ ሰዎች እየገዙ አሳደጉት፤ አድጎ ከ4 ሜትር በላይ በኾነ ጊዜ ግን መያዝ አቃታቸው። አንዳንዶቹ በፍሎሪዳ ረግረግ፤ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ስፍራ ለቀቁት፤ ሌላውም አምልጦ ገባ። እዚያም ተራብቶ አገሩን ወረሰው። በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ እንደሚያስረዳው፤ በዚያ ስፍራ በመንገድ ላይ ይታይ ከነበረው ራኩን የሚባል እንስሳ ከመቶው 99 ያኽሉ ታጥቷል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. መንግሥቱ የበርማውንና ሌሎች ሦስት ዓይነት ትልልቅ እባቦች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚህ የከፋም ኾኗል። በ2009 ዓ.ም. በፍሎሪዳ አንድ የቤት ዘንዶ ከሣጥኑ ወጥቶ የኹለት ዓመት ሕፃን ገድሏል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በኒው ብረንስዊክ ግዛት አንድ የአፍሪካ ዘንዶ አምልጦ ኹለት ወንድማማች ልጆችን በተኙበት ገድሏል። ይህን የጻፍነው አያቲቱን ለማስፈራት አይደለም፤ ልጁ «ትልቁ ይሻለኛል» ቢል አባት ሳይጠራጠሩ አይኾንም እንዲሉ ነው።

ከዚህ በዃላ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም ባለሙያዎቹ ኹሉ ስሙን የሚያነሡት ከላይ የተናገርነው የበቆሎ እባብ ነው። አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ስሙን ያገኘው፤ አንዳንዶች እንደሚሉት አይጥ ፍለጋ በበቆሎ ጐተራ ስለሚገኝ ነው፤ ሌሎች ግን የሆዱ ጥቍርና ነጭ ጥለት ዝንጕርጕር በቆሎ ስለሚመስል ነው ይላሉ። ጀርባው ቀይ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው ኾኖ፤ በጥቍር የተከበበ ነጥብ አለበት። ሲወለድ ከእርሳስ እምብዛም አይወፍርም፤ አድጎም ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቱም ከሰው አውራ ጣት ጥቂት ቢበልጥ ነው። መርዝ የለውም፤ ያደነውን ተጠምጥሞ አንቆ ይበላል። ጠባዩ የዋህ ነው፤ ምግብም እምብዛም አይመርጥም፤ ሙቀትና ርጥበት ጥቂት ቢጓደልበት ቶሎ አይታመምም። ለጀማሪ ስሕተት የሚታገሥ እንስሳ ይሻላልና፤ እኛም ፍርዳችን ወደዚህ ያዘነብላል።

ኹለተኛው ቦል ፓይተን ነው፤ እንግሊዞች ሮያል ፓይተን ይሉታል። ይህ የእኛው የአፍሪካ ልጅ ነው። ከሴኔጋል ዠምሮ እስከ ኡጋንዳ ባለው አገር በአይጥ ጕድጓድና በኩይሳ ውስጥ ይኖራል። ሲፈራ አይናደፍም፤ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በቤኒን አገር በዊዳ ከተማ ለእርሱ የተሠራ ቤት አለ፤ ሕዝቡም ስለሚያከብረው አይገድለውም። ከዚያው ከቤኒን፤ ከቶጎና ከጋና ግን በየዓመቱ እጅግ ብዙ እየተጫነ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይኼዳል። በአንዱ ቤት እንደ ጌታ የሚታይ፤ በሌላው ቤት በሣጥን ታሽጎ የሚሸጥ መኾኑን ስናስብ፤ የዚህ ዓለም ነገር ያስደንቀናል።

ይህ እባብ እርጋታው ለልጅ የሚስማማ ቢኾንም ኹለት ነገር አለበት። አንደኛው ጾሙ ነው። ያለ በሽታ ምግብ ትቶ ሦስትና አራት ወር መቈየት ልማዱ ነው፤ ጀማሪው ግን ሞተብኝ እያለ እንቅልፍ ያጣል። ኹለተኛው ነጋዴዎች በመልኩ ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም ለማግኘት እየመረጡ ሲያዳቅሉ፤ ስፓይደር ወይም ሸረሪት የሚሉት መልክ ወጣ። መልኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከመልኩ ጋራ በውርስ የመጣ ሕመም ስላለበት ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም ተገልብጦ ወደ ላይ ያያል፤ ምግቡንም ይስታል። እንዲህ ያለውን መግዛት የሚሸጠውን ማበርታት ነውና ይቅር እንላለን። ደግሞም ከዱር የተያዘው በሆዱ ትል፤ በቆዳው መዥገር ይዞ ስለሚመጣ፤ በቤት የተወለደ መኾኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ኪንግ ስኔክ የሚሉትም ጠንካራና በላተኛ ነው፤ ሌላ እባብ ስለሚበላ ግን ብቻውን መኖር አለበት፤ ጣትንም ምግብ መስሎት የሚይዝበት ጊዜ አለ። ይኸው እባብ ወደ ግራን ካናሪያ ደሴት ገብቶ የደሴቲቱን እንሽላሊቶች እየፈጀ ይገኛል። የአፍሪካ የቤት እባብ የሚባለውም አለ፤ አይጥ ተከትሎ በሰው ቤት ስለሚገባ የወጣለት ስም ነው፤ ዘመዶቹም በአገራችን ይኖራሉ። ትንሽና መርዝ የሌለው ነው፤ ስለ ማይታወቅ ብቻ ገዢው ጥቂት ነው።

ዓይነቱ ከተቈረጠ በዃላ፤ ከብዙዎቹ መካከል አንዱን መምረጥ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ወዳጃችን ሻጩን እንደ ምስክር ይጠይቁት። መቼ ተወለደ? የት ተወለደ? የሚበላው ምንድር ነው? በመጨረሻ የበላውስ በየትኛው ቀን ነው? ቀን ጽፎ የሚያስቀምጥ ሻጭ ደኅና ሻጭ ነው፤ «ኹሉንም ይበላል» ብሎ የሚያልፍ ግን የሚደብቀው አለው። የሚቻል ከኾነ ፊት ለፊት ሲበላ ይዩት። ከዚያ በዃላ እባቡን በእጃቸው ይያዙት፤ ይህን ያልደፈረ አባት ለልጁ መግዛት የለበትም። ጤናማ እባብ በእጅ ላይ ሲኾን ሥጋው ጥብቅ ነው፤ ምላሱን ቶሎ ቶሎ ያወጣል፤ በምላሱ ሽታ እየለቀመ አገሩን ያውቃልና። ዓይኑ የጠራ፤ አፉ ያልተከፈተና ምራቅ የሌለበት፤ እስትንፋሱ የማያፏጭ፤ ከጅራቱ በላይ ያለው ቀዳዳ ንጹሕ መኾን ይገባዋል። በቅርፊቱ መካከልና በዓይኑ ዙሪያ የሚሄድ እንደ ባሩድ ፍሬ ያለ ጥቍር ነገር ቢታይ ተባይ ነው፤ ትቶ መኼድ ይሻላል። ደግሞ አዲስ ከተፈለፈለው ይልቅ ዓመት የኾነውን መግዛት ይመረጣል፤ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም መብላት ለምዷልና።

ሣጥኑ ከእባቡ አስቀድሞ ይገዛ። ብዙ ጊዜ ከእባቡ ዋጋ የሣጥኑና የማሞቂያው ዋጋ ይበልጣል፤ ይህን ሳያስብ የገዛ ሰው እባቡን በካርቶን ይዞ ሲጨነቅ ያድራል። እባብ የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ ከውጭ ይበደራል። ስለዚህ የሣጥኑ አንዱ ወገን ሙቅ፤ ሌላው ቀዝቃዛ መኾን አለበት፤ እርሱ እንደ ፈቃዱ ይመላለሳል። ለበቆሎ እባብ ሙቁ ወገን 30 ዲግሪ፤ ቀዝቃዛው 23 ዲግሪ ያኽል ቢኾን ይበቃል። ማሞቂያው ኹልጊዜ ቴርሞስታት በሚባል ሙቀት መጠበቂያ ይታሰር፤ ያለዚያ እባቡ ሆዱ እስኪቃጠል ድረስ ሳይሸሽ ይተኛበታል። በሙቁም በቀዝቃዛውም ወገን አንዳንድ መሸሸጊያ ይደረግለት፤ መሸሸጊያው አንድ ብቻ ከኾነ ከፍርሃትና ከብርድ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ንጹሕ ውሃ አይጓደልበት።

መዝጊያውን በሚመለከት ቸል አንልም። እባብ ራሱ የገባበት ቀዳዳ ኹሉ ሰውነቱን ያሳልፈዋል፤ ልል ክዳንም በአፍንጫው እየገፋ ይከፍታል። በእባብ ቤት ከሚደርሰው ችግር የሚበዛው ይህ ነው፤ ጠዋት ሣጥኑ ባዶ ይገኛል፤ ቤተ ሰቡም አልጋና ቁም ሣጥን ሲያነሣ ይውላል። ስለዚህ የሚቈለፍ ሣጥን ይገዛ ብለን መከርን።

እባቡ ቤት ከገባ በዃላ አንድ ሳምንት ያኽል ማንም አይንካው፤ በልቶም ከኾነ 2 ቀን ሳያልፍ አይነሣ፤ አለዚያ የበላውን ይተፋል። ዓመት የሞላው በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ፤ ያደገው በየኹለት ሳምንቱ ቢበላ ይበቃዋል። አይጡም በመካከለኛው ሰውነቱ ውፍረት ልክ ይኹን።

ለልጁ ደግሞ አንድ ነገር ሳይደበቅ ይነገረው ብለን ጻፍን። እባብ ጌታውን አይወድም። ይለምደዋል እንጂ እንደ ውሻ ጅራቱን አይቈላም፤ ስሙን ጠርተው ቢጮኹም አይመጣም። በእጅ ላይ የሚጠመጠመው የሰው እጅ ስለሚሞቀው ነው። መወደድ የሚፈልግ ልጅ ከዚህ እንስሳ ጋራ ኀዘን ያገኘዋል፤ መመልከት የሚወድ ልጅ ግን ብዙ ያገኛል። የታችኛው መንጋጋው በመካከል በጅማት ብቻ የተያያዘ ስለ ኾነ ከራሱ የሚሰፋ ነገር ሲውጥ፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን ሳይከድን ሲተኛ፤ ቆዳውን ከአፍንጫው ዠምሮ እንደ እግር ሹራብ ገልብጦ ሲያወልቅ ያያል። አባት ልጃቸው ከየትኛው ወገን እንደ ኾነ እርሳቸው ያውቃሉ፤ እኛ አናውቅም።

ይህን ኹሉ ጽፈን ከላክን በዃላ ሦስት ወር አለፈ። ባለፈው ሳምንት የወዳጃችን ኹለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። የበቆሎ እባብ ገዝተዋል፤ ዓመት የኾነው፤ ርዝመቱም ከክንድ ጥቂት ያለፈ ነው። አያቲቱም ሻንጣቸውን ወደ አልጋው ሥር መልሰዋል። እንዴት ተስማሙ ብለን መጠየቃችን አልቀረም፤ የሣጥኑ ቍልፍ በመቀነታቸው ታስሮ እንዲኖር ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ልጁ እባቡን ማውጣት ሲፈልግ አያቱን ማስፈቀድ አለበት፤ እርሳቸውም ከፍተው ከሰጡት በዃላ ከበሩ አጠገብ ቆመው እስኪመልሰው ይጠብቃሉ። በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ይቈጥሩታል አሉን፤ አንድ እባብ እንዴት እንደሚቈጠር ባናውቅም።

ደብዳቤውን የጻፉት ግን ስለዚህ አልነበረም። አያቲቱ ጠዋት ሣጥኑን ሲመለከቱ የእባቡ ዓይን ኹለቱም ሰማያዊ ጢስ እንደ ለበሰ አይተው፤ «ይህ ፍጥረት ታውሯል፤ ከትናንት ወዲያ የተሰጠውንም አልበላም፤ ለዚያ ለጋዜጣው ሰው ጻፍለት» ብለው ልጃቸውን አስቸኩለዋቸዋል። መልሳችን ይህ ነው። አልታወረም። ቆዳውን ሊያወልቅ ነው፤ በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ውሃ ስለሚገባ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ሳያይም ስለሚፈራ በዚህ ሰሞን መብላት አይፈልግም። ምግብ አይሰጠው፤ ማንም አያንሣው፤ ርጥብ ሣር ወይም የረጠበ ጨርቅ የገባበት ትንሽ ዕቃ በሣጥኑ ውስጥ ይደረግለት። ከጥቂት ቀን በዃላ ዓይኑ ይጠራል፤ ከዚያም ቆዳውን ያወልቃል። የወለቀውን ቆዳ አያቲቱ በብርሃን አንሥተው ይመልከቱት፤ በዓይኖቹ ስፍራ ኹለት ክብ መስተዋት የመሰለ ስስ ነገር አብሮ ከወጣ ደኅና ነው። ካልወጣ በጣት አይነካካ፤ ወደ እንስሳ ሐኪም ይውሰዱት።